አውራ ጣት

በቺሎዌ ደሴት ዝናብ አይቆጠርም፤
መቼ እንደ ጀመረ የሚያስታውስ የለም።
እኔ ኤሊሴዮ፣ የጀልባ ሞተር ሠሪ፣
የናፍጣ ሳል ሰምቼ በሽታ መርማሪ፦
«ይህ ቫልቩ ነው» እላለሁ፣ «ያኛው ፓምፑ ነው»፤
ወደቡ በሙሉ የሚያምነው ጆሮዬን ነው።

ሐሙስ ሌሊት ግን ልጄ ማሌን ጋለች፤
ሁለት ዓመቷ ነው፣ ያመማትን አትናገር፣ ታለቅሳለች።
እናቷ ሮሳሊያ ካስትሮ ሄዳ ቀርታለች፤
ባሕሩ ተቆጥቶ ጀልባዋ ቆማለች።
ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ዘጠኝን አልፏል።
እጄን ደረቷ ላይ ባሳርፍ
ከቀሚሷ ሥር አንድ ነገር ይሮጣል፤
አሳዳጁ አይታይ፣ መድረሻው አይታወቅ።

ሞተር ቢሆን ኖሮ አጥፍቼ እፈታው ነበር፤
ይህ ግን እየዞረ ነው የሚመረመር።

አንጓዋን ያዝሁና በአውራ ጣቴ ተጫንሁ፣
የግድግዳው ሰዓት ላይ ዓይኔን ተከልሁ፤
ሰማንያ ስምንት።
«ተመስገን!» አልሁ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ፦
ደረቷ እየጋለበ እጇ የሚያዘግም፣
አንዲት ልጅ ሁለት ልብ ሊኖራት አይችልም።

ሬዲዮኑን ከፈትሁ። ከማዶው ጤና ኬላ
ነርስ ኢርማ መለሰች፣ ድምፅዋ ከእንቅልፍ ሳይላቀቅ፦
«በየትኛው ጣትህ?»
«በአውራው።»
ለአፍታ ዝናቡ ብቻ ተሰማ። ከዚያ ሳቀች።
«እሱ የራሱ ትርታ አለው፣ ኤሊሴዮ፤
የራስህን ልብ ነው የቆጠርኸው። አንተስ ደኅና ነህ።»

አውራ ጣት እንደ ስሙ ነው ለካ፤
የራሱን ድምፅ ብቻ ይሰማል የሰው እጅ ሲነካ።

«ታለቅሳለች?» አለች። «ታለቅሳለች።»
«እንግዲያው ቆይ። የሚያለቅስ ልጅ ልብ ልቅሶውን ነው የሚያወራህ።
አባብላት፣ ውኃ አቅምሳት፤ ጸጥ ስትል
በሁለት ጣት፣ ከክርኗ ከፍ ብለህ፣ በክንዷ በውስጥ በኩል ፈልገው።
አትጫነው፤ ከተጫኑት ይጠፋል።
ደግሞ አንድ ደቂቃ ሙሉ! ሩቡን ቆጥረህ በአራት እንዳታባዛ፤
የልጅ ልብ ትንፋሽ ሲገባ ይፈጥናል፣ ሲወጣ ያዘግማል፤
ያ በሽታ አይደለም፣ ልጅነት ነው።»

የልጅ ዘፈን አላውቅም።
በእጄ የጠገንኋቸውን ጀልባዎች ስም ጠራሁላት በተራ፣
ዝገታቸውን፣ ቀለማቸውን፣ የማን እንደሆኑ እየቆጠርሁ፣
እስክታንቀላፋ።

ሌባ ጣት። ይህን ስም ያወጣለት አባት ሳይሆን አይቀርም፤
በጨለማ ገብቶ፣ ባለቤቱን ሳይቀሰቅስ፣
ከቆዳ ሥር የተደበቀውን ቀስ ብሎ የሚሰርቅ።
የእኔው ሌባ ግን ብረት ያደነዘዘው ነው፤ ባዶውን ተመለሰ።
በሞቀ ውኃ ነከርሁት፣ እንደገና ላክሁት፤
መጣ!
ቀጭን፣ ችኩል፣ መረብ ላይ እንደምትራገፍ የሰርዲን ጅራት።

መቶ አርባ አራት።

«ትኩሳቱ ነው» አለች ኢርማ፣ «ሙቀት ሲወጣ ልብም ይከተላል።
ከንፈሯ ቀላ ወይስ ጠቆረ? ስትተነፍስ ጎኗ ይሰረጉዳል?
ብትቀሰቅሳት ታውቅሃለች?»
አየሁ። ቀላ። አይሰረጉድም። ዓይኗን ገልጣ ተቆጣችኝ።
«መልካም። ከሦስቱ አንዱ ከተበላሸ ቁጥር ስትቆጥር አትቆይ፣ ጥራኝ፤
ማዕበልም ቢሆን የሚመጣ ጀልባ አላጣም።
አለዚያ ስትበርድ ቁጠር፤ ጻፈው።»

በዕዳ መዝገቤ ላይ፣ ከሳቱርኒኖ የፓምፕ ሒሳብ ሥር ጻፍሁ፦
ስምንት ሰዓት፣ መቶ አርባ አራት።
ዘጠኝ ተኩል፣ መቶ ሠላሳ፤ ውኃ ጠጣች።
አሥራ አንድ፣ መቶ አሥራ ሁለት፤ አላባት።
በሕይወቴ እንዲህ ያለ ገቢ መዝግቤ አላውቅም።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ።
ሳቱርኒኖ ነው፣ ባለ ዕዳዬ፣ ካፖርቱ እያንጠባጠበ፦
«ሞተሩ እንቢ አለኝ፤ ና እስቲ፣ ድምፁን ስማልኝ!»
ሁለቱ ጣቶቼ ገና ክንዷ ላይ ነበሩ።
«ዝም በል» አልሁት፣
«ሃያ ሰከንድ ቀርቶኛል።»